ለአባባ ሲስተር፦ ምስጋናና ጥቆማ ከደብረ ማርቆስ

ሰው አመስግኜ በአደባባይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደብረ ማርቆስና አካባቢው ሆናችሁ በቤታችሁ የአንጀት ካንሰር ታማሚ ያለባችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የማመሰግናት ሴት ነርስ ናት። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ተረኛ ባልሆነችበት ቀን ደግሞ ቤት ለቤት እየሄደች ታማሚ ትከታተላለች። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ ስላስማለችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አባባ ቅኔን ዲማ የተማሩ፣ ሉማሜ አካባቢ ደቀ መዝሙር ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከልጅ እስከ አዋቂ የኔታ ነው የሚላቸው። ሰገራቸው ላይ ደም ሲያዩ ለማንም አልተናገሩም፤ ከተናገሩም በኋላ «ኪንታሮት ነው» እየተባለ ቅባት ሲቀቡ ወራት አለፉ። ያንን ያለውን ቦታ ስም አልጠራም። ብቻ ሰገራ ላይ ደም ያየ ሰው በካሜራ እስኪታይ ድረስ ኪንታሮት ነው ብሎ ባይቀመጥ ደስ ይለኛል። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ ከትልቁ አንጀት የታመመው ተቆርጦ ወጣና ጫፍና ጫፉ ተያያዘ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ 12 ዙር ኬሞ ታዘዘ። መንገድ ሲዘጋ ሁለቱ ዙር ከቀኑ ተንሸራተተ። ከደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ መውጣት ለጤነኛም ፈተና ነው፤ ኬሞ ወስዶ ለሚመለስ ሰው ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ነገር ስለሚያስጠላ አባባ የማርቆስን የጠዋት ውሃ ሲነኩ ጣታቸውን መርፌ የወጋቸው ያህል ይደነግጡ ነበር። ይህም አለፈ። ጨረስን ብለን እልል አልን።

በ2017 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። እማማ «እንደ ምጥ ነው፤ ይመጣል ይሄዳል» አለች፤ ከዚህ የተሻለ የገለጸው ሐኪም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ይመጣል፣ አባባ ጉልበታቸውን ሆዳቸው ላይ አጥፈው ይይዛሉ፣ ይሄዳል። ሆዳቸው ተነፋ። ጎረቤት ድርቀት ነው አለ፤ ሄደን ያሳየንበትም ቦታ ድርቀት ነው ብለው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጡን። እኔም ራሴ አጠጣኋቸው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ቁርጠቱ እጥፍ ሆነ፤ ሌሊቱን ሐሞት የመሰለ አረንጓዴ ሲያስመልሳቸው አደረ። ሲነጋ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ራጅ ተነሡ፣ ምግብም ውሃም ተከለከሉ፣ ግሉኮስ ተሰካላቸው፣ በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶ በሆዳቸው የተጠራቀመው ፈሳሽ ወደ ላስቲክ ከረጢት ወረደ። አራት ቀን። በአራተኛው ቀን አንጀታቸው ራሱ ተከፈተ፤ ቢላ ሳይነካቸው ወጡ። ሐኪሙ እንደነገረን ሆድ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ውስጡ የሚቀረው ጠባሳ አንጀትን ከአንጀት ያጣብቃል፤ በተጣበቀበት አንጀቱ ሲታጠፍ ይዘጋል። ከኦፕራሲዮኑ ዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል አለን።

ሕመሙስ በአራት ቀን አለቀ፤ ፍርሃቱ ነው ያላለቀው። አባባ ቤት ገብተው መብላት አቆሙ። እምቢ እንኳ አይሉም፤ ሁለት ጉርሻ በልተው «ጠገብሁ» ይላሉ። ሆዳቸው በጮኸ ቁጥር ቤቱ ጸጥ ይላል። እማማ ሌሊት እየተነሣች ብርድ ልብሱን ገልጣ ሆዳቸውን ትዳስሳለች፤ እኔም እሷ ስትተኛ ተነሥቼ ያንኑ አደርጋለሁ። ካንሰሩ «ተመልሶ ይሆን?» የሚለውን ቃል ማንም አይጠራውም፤ ግን ማዕድ ላይ አብሮን ይቀመጥ ነበር። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገባ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ የሲስተርን ስልክ የሰጠችኝ በዚህ መሀል ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። መጣች፣ ዱካ ስባ ከመደቡ አጠገብ ተቀመጠች። «አይዞዎት፣ ምንም የለም» አላለችም። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትና የሲቲ ስካኑን ውጤት አንድ በአንድ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ «የኔታ፣ ዛሬ ፈስ ወጥቷል?» አለቻቸው።

እማማ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። የኔታ ፊት፣ መሪጌታ ፊት! አባባ ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ነፋስ እንደ ወደደ ነው፤ ዛሬ ግን ገና አልነፈሰም» አሉ። እሷ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የነገሩ ስም «ነፋስ» ሆኖ ቀረ። አሁን ከአዲስ አበባ የምትደውል እህቴ እንኳ ከሰላምታው ቀጥላ «ነፋስ አለ?» ነው የምትለው።

ሲስተር እንዳስረዳችን ድርቀትና መዘጋት ሁለት ነገር ናቸው። ድርቀት ያለበት ሰው ሰገራው ይዘግይ እንጂ ነፋሱ ይወጣል፣ ምግብም ሆዱ ውስጥ ይቀመጥለታል። ነፋሱም ሰገራውም ቀጥ ብሎ፣ ሆድ ተነፍቶ፣ ቁርጠቱ እንደ ምጥ እየተመላለሰ፣ በዚያ ላይ ማስመለስ ሲመጣ ግን ምንም ሳይበሉ ሳይጠጡ ወደ ሆስፒታል ነው፤ ነገ አይባልም። ቁርጠቱ መመላለሱን ትቶ አንድ ቦታ ከቆመ፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ከጠጠረ ወይም ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ደቂቃም አይሰጥም። አንድ ያላሰብነው ነገርም ነገረችን፦ አንጀቱ በከፊል ሲጠብ ውሃ ውሃ የሆነው ብቻ በጎን ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ቤተሰብ ተቅማጥ ያዘው ብሎ ማቆሚያ ይሰጠዋል፤ ያኔ ይብስበታል።

ያጠጣኋቸውን መድኃኒትም ጠየቅኋት። ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። «አታውቂም ነበር» ብቻ አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። ኮሶውንም፣ የጉሎ ዘይቱንም፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን ኃይለኛ ማስቀመጫም ከቤት አወጣነው፤ የተዘጋን ቧንቧ ከላይ መግፋት ነውና። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጣቸው ትራማዶል ራሱ እንደሚያደርቅ ስላስረዳችን ሐኪሙ ሰገራ የሚያለሰልስ አብሮ አዘዘላቸው። ይህ ያለ ሐኪም አይጀመርም ብላለች፤ እኔም እላለሁ።

ደብተር ግዙ አለች። ባለ 50 ሉክ ገዛሁ፤ አባባ ግን ሰው እንዲጽፍላቸው አልፈቀዱም። የሸምበቆ ብዕራቸውን አስመጡ። ደብተሩ አሁን አጠገቤ ነው። በቁም ጽሕፈት፣ መስመር አስምረው፣ በግራ የበሉትን፣ በቀኝ የሆዳቸውን ሁኔታ ይጽፋሉ። «ጠዋት፦ ሩዝ፣ አንድ እንቁላል። ቁርጠት የለም።» ቀይ ቀለም በብራና ላይ ለቅዱሳን ስም እንደሚያዝ ታውቃላችሁ፤ አባባ «ነፋስ ነፍሷል» የምትለዋን በቀይ ነው የሚጽፏት። ኃጢአት ነው ወይ ብላ እማማ አጉረምርማለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲስተር ደብተሩን ገልጣ በቀዩ ላይ ጣቷን እያስኬደች «ይኸው የኔታ፣ አንድም ቀን ሳይነፍስ አላደረም» አለቻቸው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ቆጠሩ። የዚያን ቀን ማታ ሳይለመኑ በሉ።

ምግቡ ለጎጃም ሰው ከባድ ነው። ቆሎ የለም፣ ንፍሮ የለም፣ ጥሬ ጎመንና ቃሪያ የለም፣ የብርቱካን ገለፈት የለም። ጠባብ ቦታ ላይ ተከማችቶ እንደ ውታፍ የሚሆን ነገር ሁሉ ቀረ። መስከረም ላይ የበቆሎ እሸት ጭስ ከጎረቤት ሲመጣ አባባ በር ዝጉ ይሉ ነበር። ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ተልጦ የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል፣ የተጠለለ ሾርባ፤ እንጀራ ቆይቶ በትንሽ በትንሹ፣ እየታኘከ። በቀን ሦስቴ ጠግቦ መብላት ቀርቶ ስድስቴ በትንሽ ሳህን ሆነ። ውሃ በጉንጭ በጉንጭ ቀኑን ሙሉ። ከበሉ በኋላ መቋሚያቸውን ይዘው ግቢውን ይዞራሉ። (ይህ ለአባባ የተባለ ነው። አንጀቱ ላልጠበበ ታማሚ ሐኪሙ ተቃራኒውን፣ ጎመኑን ብላ ሊል ይችላልና እንዳለ አትገልብጡት።)

ከምግቡ ይልቅ ያስቸገረን ጠያቂ ነው። ሰው ታማሚ ሊጠይቅ ይመጣና «በሞቴ» ብሎ ያጎርሳል፤ እምቢ ቢሉት ይቀየማል። አንድ ቀን ሲስተር እያለች አክስቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ተነሣች። ሲስተር እጇን ዘርግታ ጉርሻውን ራሷ ተቀብላ ጎረሰችው። «እሜቴ፣ የየኔታን ድርሻ እኔ ነኝ የምበላላቸው» አለቻት። ማንም አልተቀየመም።

ጾሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋልና በቀን ስድስቴ መብላት አይገናኙም። ሲስተር አልተከራከረችም፤ «የንስሐ አባትዎን ይጠይቁልኝ» አለች። የንስሐ አባታቸው የዱሮ ተማሪያቸው ናቸው። መጡና ሰዓቱን ፈቱላቸው፤ አባባ ሊሞግቱ ሲጀምሩ «የኔታ፣ ዛሬ አስተማሪው እኔ ነኝ» አሏቸው። ጾሙን በሩዝና በድንች ጨረሱት።

«ተመልሶ ይሆን?» የሚለውን በመጨረሻ የጠየቁት አባባ ራሳቸው ናቸው። ሲስተር አላባበለቻቸውም። መዘጋት ከጠባሳም ከዕጢም ሊመጣ እንደሚችል፣ ከውጭ ሆኖ ማንም መለየት እንደማይችል፣ የሚለየው ሲቲ ስካንና የሐኪሙ ክትትል እንደሆነ ነገረቻቸው። የኅዳሩ ሲቲ ስካን ላይ ዕጢ አለመታየቱን አስታወሰቻቸው፤ ለቀጣዩስ ብለው ሲጠይቋት «እሱን እኔ አላውቅም፤ ቀጠሮው አይለፍ» አለች። ይህችን ሴት የማምናት ለዚህ ነው። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ስንት አጋጥሟችኋል?

ሚያዝያ ላይ መዘጋቱ በድጋሚ መጣ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቁርጠት ጀመራቸው፤ ደብተሩን አየን፣ ከትናንት ማታ ወዲህ ቀይ የለም። በዚህ ጊዜ ሌሊት መንቀሳቀስ ምን እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እስኪመሽ መጠበቅ አልቻልንም። ደወልኩላት። «ምንም እንዳይቀምሱ፤ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ» አለች። 5 ሰዓት ሳይሞላ ድንገተኛ ክፍል ነበርን። ተረኛው ሐኪም ደብተሩን አገላብጦ «ይህን ማን ጻፈው?» አለ፤ ጽሕፈቱን ነው የጠየቀው መሰለኝ። ቱቦው ገባ፣ ግሉኮሱ ተሰካ፣ በሁለተኛው ቀን ነፋስ ነፈሰ፣ በሦስተኛው ወጡ። የኅዳሩና የሚያዝያው አንድ ሕመም ነው፤ ኅዳር ላይ ግን ቀንና ሌሊት ሙሉ በገዛ እጃችን ስናባብሰው ነበር።

እንግዲህ ጥቆማው። ሲስተር በነፃ አትሠራም፤ ዋጋዋን መጀመሪያ ላይ ትናገራለች፣ ከዚያ አትጨምርም። ሰዓት ላይ ደካማ ናት፤ 10 ሰዓት ካለቻችሁ 11 በሉት። ምግብ ሲቀርብላት አትግደረደርም። ከማርቆስ ብዙ አትርቅም፤ ሉማሜና አማኑኤል ድረስ ግን መንገዱ ሰላም ከሆነ ትሄዳለች። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሷን ጠይቄ እልክላችኋለሁ። እሁድ ጠዋት ደውላችሁ ካላነሣች ቅዳሴ ላይ ናት፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ራሷ መልሳ ትደውላለች። አባባ ደግሞ ይህን እየጻፍኩ መሆኑን ሲሰሙ «ደብተሩ አልቋል፣ አዲስ እንድትገዢ ጻፊ» ብለውኛል። ቀይ ቀለምም።