ሽፋን የሌለው መጽሐፍና የፒያሳው አከራይ

ደሴ ውስጥ አሁንም መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው አለ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። አለ። ፒያሳ ላይ ከልብስ ሰፊዎቹ መስመር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ቤት ነው። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ደጁ ላይ በጣውላ የተደረደሩ የተማሪ አጋዥ መጻሕፍት ካያችሁ ደርሳችኋል። ልብ ወለዱ፣ ታሪኩና የሃይማኖቱ መጽሐፍ ከውስጥ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 200 ብር ታስይዛላችሁ። በቀን 10 ብር ትከፍላላችሁ። መጽሐፉን ስትመልሱ መያዣችሁን ትወስዳላችሁ። ስማችሁንና ስልካችሁን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ በቃ። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ስለሚዘጋ በዚያ ሰዓት አትልፉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ የውስጡ መደርደሪያ ጨለማ ነው፤ የስልካችሁን ባትሪ እያበራችሁ ፈልጉ።

እኔ የክር ነጋዴ ነኝ። ድርና ማግ፣ የጥለትና የጥልፍ ክር እሸጣለሁ። የገባሁት ለልጄ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አጋዥ ፍለጋ ነበር። አጋዡን ሲያወርድልኝ አንድ መጽሐፍ አብሮ ወደቀ። ሽፋን የለውም። የፊት ገጾቹም የሉም። ስለዚህ ርዕሱንም ተርጓሚውንም ልነግራችሁ አልችልም።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኩት።

«የአይሁድ ሊቃውንት ወግና ምክር ነው። ውሰጂው። ካልወደድሽው ኪራዩን አልቀበልሽም።»

ለሦስት ቀን ብዬ ወስጄ ሦስት ሳምንት አቆየሁት። የንስሐ አባቴንም አስፈቅጃለሁ። «ኦሪትን የምናነብ እኛ አይደለንም እንዴ? አንብቢ፤ ያልገባሽን ትጠይቂኛለሽ» አሉኝ።

መጽሐፉ ምን እንዳደረገልኝ ለመናገር ስለ ሱቄ መናገር አለብኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደሴን ጥለን ስንወጣ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ በእግሬ ስወርድ፣ የሱቄ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ቁልፉ አላስፈለገም። በር የለም። መደርደሪያው ተነቅሏል። ወለሉ ላይ የቀረው የተረገጠ፣ የተወሳሰበ፣ ጭቃ የጠጣ ክር ብቻ ነበር። ቁጭ ብዬ ክሩን ልፈታ ሞከርኩ። ጫፉ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ዕቁብ ገባሁ፣ ተበደርኩ፣ ሱቁን መልሼ ሞላሁ። ልቤ ግን አልተመለሰም። ሰው «አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ሲለኝ ይብስ ይከፋኝ ነበር።

ገጽ 41 ላይ ረቢ አኪቫ የሚባል የጥንት የአይሁድ መምህር ታሪክ አለ። ሮማውያን በ70 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ካፈረሱ በኋላ ነው። አራት ሊቃውንት ወደ ከተማዋ ይወጣሉ። ፍርስራሹን ከሩቅ ሲያዩ ልብሳቸውን ቀደዱ። ሲቀርቡ፣ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከሚገባበት ከቅድስተ ቅዱሳኑ ቦታ ቀበሮ ብቅ አለ። ሦስቱ አለቀሱ። አኪቫ ሳቀ። «ምን ያስቅሃል?» አሉት። ሁለት ትንቢት አለ አላቸው። አንዱ ጽዮን እንደ እርሻ ትታረሳለች ይላል። ሌላው የዘካርያስ ነው፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምርኩዛቸውን ይዘው ገና በኢየሩሳሌም አደባባይ ይቀመጣሉ ይላል። የመጀመሪያው እስኪፈጸም ድረስ ሁለተኛው ይቀር ይሆን ብዬ እፈራ ነበር፤ አሁን ግን የጥፋቱ ቃል እንዲህ በዓይኔ ፊት ከተፈጸመ፣ የመጽናናቱም ቃል እንደማይቀር አወቅሁ አላቸው። እነሱም «አኪቫ አጽናናኸን፣ አኪቫ አጽናናኸን» አሉት። ሁለት ጊዜ።

ይህን ያነበብኩት ሱቄ ውስጥ ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ደግሜ አነበብኩት። ቀበሮውን ማንም አልሸፋፈነውም። ልብስ የቀደደውን ማንም አልተቆጣውም። ማጽናናቱ የመጣው ፍርስራሹ ፊት ቆመው፣ አይተውት፣ አልቅሰው ነው። እኔን «ለበጎ ነው» የሚሉኝ ሰዎች ሱቄን መጥተው አላዩትም ነበር። ቀና ስል ደጄ ላይ የጎረቤት ልጆች ባዶ የክር ኮን እንደ ኳስ ይለጋሉ። ዘካርያስ ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ የሚያነሣው አደባባዩን ሞልተው የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኮኔን አምጡ ብዬ እጮህባቸው ነበር። ያን ቀን ዝም ብዬ አየኋቸው።

ሁሉም ታሪክ እንዲህ ልቤ ገባ ማለት አይደለም። የዚሁ የአኪቫ ሌላ ታሪክ አለ። የሚያሳድረው አጥቶ ሜዳ ላይ ያድራል። መብራቱን ነፋስ ያጠፋበታል፣ ዶሮውን ድመት፣ አህያውን አንበሳ ይበላበታል። በዚያው ሌሊት ጦር መጥቶ ከተማዋን ይማርካል፤ እሱ ብርሃንም ድምፅም ስላልነበረው ይተርፋል። «እግዚአብሔር የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ ነው» ይላል። ይህኛው አልዋጥ አለኝ። ከተማዋ ውስጥ ያደሩትስ? እኔ እንዲህ ስል፣ ከእኔ በፊት የተከራየ ሰው ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «እነሱስ?» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። የማላውቀው ሰው እጄን የያዘኝ መሰለኝ። የኪራይ መጽሐፍ ጥቅሙ ይሄ ነው። አንዱ ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «አሜን» ተጽፏል፣ ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ «ማሻ አላህ»።

ከዚያ የቃል ትርጉም የሚሰጥ ምዕራፍ ይመጣል። አጭር ነው፣ ለኔ ግን የተጻፈ ያህል ነው። ተስፋ በዕብራይስጥ ቲክቫ ይባላል። በኢያሱ መጽሐፍ ረዓብ በመስኮቷ ያሰረችው ቀይ ፈትልም የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። ተስፋና ፈትል አንድ ቃል! ዕድሜዬን ሙሉ ክር ስይዝ ኖሬያለሁ። አንዲት ዘለላ ጥጥ በሁለት ጣት ትበጠሳለች። እንዝርት ላይ ገብታ ስትከር ግን ጣት ትቆርጣለች። ተስፋ ማለት ዝም ብሎ ደግ ቀን መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚፈተል፣ የሚከር፣ ከዚያ መስኮት ላይ ወጥቶ የሚታሰር ነገር ነው።

አንድ ገጽ ደግሞ ሥራ አሠራኝ። የአይሁድ የማስተስረያ ቀን፣ ዮም ኪፑር፣ በሰውና በእግዚአብሔር መካከል ያለውን በደል ያነጻል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን ባልንጀራውን ሄዶ እስኪያስታርቅ ድረስ አያነጻም ይላል ሚሽና የሚባለው የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ። ከተመለስን በኋላ አንዲት ጎረቤቴን በዕቃዬ ጠርጥሬ ክፉ ቃል ተናግሬአት ነበር። እንዳልወሰደች ቆይቼ አወቅሁ። ፍልሰታን ሁለት ጊዜ ጾምኩ፣ እሷን ግን አንድ ቀን ይቅርታ አላልኩም። መጽሐፉን አጥፌ ቡና ቆልቼ ጠራኋት። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ላይ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ «በረካውንማ ሳልጠጣ አልሄድም» አለች።

የሁለተኛ ሳምንት ኪራይ ልከፍል ስሄድ ለጋሼ ሌላ የሚሽና ቃል አነበብኩለት። አዳም ብቻውን የተፈጠረው፣ አንድ ነፍስ ያጠፋ ዓለምን ሙሉ እንዳጠፋ፣ አንድ ነፍስ ያዳነም ዓለምን ሙሉ እንዳዳነ ለማስተማር ነው ይላል። ደግሞም አንዱ ሌላውን «የኔ አባት ካንተ አባት ይበልጣል» እንዳይለው። ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። «የነፍሷ ነገርማ ቁርኣንም ላይ አለ፣ አል-ማኢዳ ላይ። ለእስራኤል ልጆች ጻፍንላቸው ብሎ ነው የሚጀምረው» አለኝ። ከዚያ «ያቺን የአባቶችን ነገር እስኪ ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀ ሦስተኛ ጊዜም አስነበበኝ።

እንግዲህ ጉድለቱ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ማታ ዓይን ያደክማል። ተርጓሚው አንዱ ገጽ ላይ ረቢ፣ ሌላው ላይ ራባይ ይላል። ገጽ 41 ላይ ቀበሮ ያለውን ማውጫው ላይ ተኩላ ብሎታል። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ለቤተ እስራኤል የተሰጠው ሁለት ገጽ ብቻ መሆኑ ነው። ከዮም ኪፑር 50 ቀን ቆጥረው፣ ጾመው፣ ኦሪታቸውን ይዘው ተራራ ላይ ለሚወጡበት ለስግድ በዓል አራት መስመር! እስራኤል እንኳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። የኛው ወገኖች በግእዝ እየጸለዩ ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ ለኖሩበት ዘመን ሙሉ ምዕራፍ ይገባው ነበር።

ቤቱንም በአንድ ነገር እወቅሰዋለሁ። መጻሕፍቱ የተቀመጡት በአርእስት ሳይሆን ባለቤቱ በሚያውቀው መንገድ ነው። እሱ ከሌለ ልጁ አያገኝላችሁም። ጋሼ ራሱ ያለበትን ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 9 አካባቢ፣ ምረጡ።

መጽሐፉን ያለፈው ማክሰኞ መለስኩ። ጥራዙ ተፈትቶ ገጾቹ መውደቅ ጀምረው ስለነበር፣ ከመመለሴ በፊት በወፍራም መርፌ ሰፋሁት፣ ከላዩም የዱቄት ከረጢት ወረቀት አለበስኩት። ጋሼ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና የመጨረሻውን ሳምንት ኪራይ መለሰልኝ። አሁን ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ከግራ በኩል ነው። ርዕስ ስለሌለው፣ ስትሄዱ በቀይ ክር የተሰፋውን ስጠን በሉት።