ለአሮጌ መኪና ቀለም፦ ፖሊሽ ወይስ ሰም?

የአሮጌ መኪና ቀለም ሲደበዝዝ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመነታው በፖሊሽና በሰም መካከል ነው፤ የሁለቱ ሥራ ግን ለየቅል ነው። ፖሊሽ በውስጡ ባለው እጅግ ደቃቅ መፋቂያ አማካይነት በፀሐይ የተጎዳውን የላይኛውን ንጣፍ ያነሳል፤ ሰም ምንም ሳይቀንስ ከላይ ይለብሳል።

እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ባሉ ቀደምት መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው፣ ቫርኒሽ (ከቀለሙ በላይ የሚቀባ ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን) ያልተደረበበት ቀለም፣ ሲደበዝዝ በጣት ቢነኩት ዱቄት የመሰለ ነገር ይለቃል። እንዲህ ያለውን ኮፈን በፖሊሽ ሲያሹት ጨርቁ በመኪናው ቀለም ይነከራል፤ ይህ የሚያስደነግጥ ሳይሆን የተጎዳው ንጣፍ እየለቀቀ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። (ቫርኒሽ ባለው መኪና ላይ ከታየ ግን ቫርኒሹ አልቋልና ወዲያውኑ ማቆም ይገባል።) የፋብሪካ ቀለም ውፍረት በአመዛኙ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ብቻ በመሆኑ፣ ፖሊሽ ማብዛት፣ በተለይም ቀለሙ በሚሳሳባቸው ጠርዞች ላይ፣ ውሎ አድሮ ከሥር ያለውን መሠረት ያወጣል።

ሰም፣ ለምሳሌ ከብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ፣ የደበዘዘውን አያድስም፤ ውሃና ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ግን ያግዛል። ፀሐይ በሚበረታበት የአዲስ አበባ ከፍታ በየሁለት ወሩ ገደማ ቢደገም መልካም ነው።

የእኔ ምርጫ ለደበዘዘ ቀለም አንድ ጊዜ ፖሊሽ፣ ከዚያ በኋላ ሰም ብቻ ነው። ላቫጆ ቤቱ በዱቄት ሳሙና የሚያጥብ ከሆነ ሰሙ ቶሎ ስለሚለቅ፣ የመኪና ሻምፖ ይዞ መሄድ ይሻላል፤ አቧራውም በውሃ ሳይወርድ በጨርቅ መታሸት የለበትም።