ስኮርታ የሌላት ፈረስ

«በአንድ ዋጋ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይስ ያገለገለ ፈጣን?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ያገለገለችውን ፈጣን ነው የገዛሁት። መልሴ ከመንገድ ላይ ይጀምራል። ሐምሌ አጋማሽ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም እየሄድኩ አማኑኤልን ካለፍኩ ብዙም አልቆየሁም። አስፋልቱ ላይ ውሃ አቁሯል። የዝናብ ውሃ ነው ብዬ ገባሁበት። ጉድጓድ ኖሯል። «ጓ!» አለ። መሪው ወደ ቀኝ ሳበኝና ከፊቴ ቀይ ምልክት በራ። ፍጥነቴ 50 አይሞላም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ስታበር ነው» የሚለኝ ስለማይጠፋ ነው።

ወርጄ አየሁ። የፊት ቀኝ ጎማ ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ያህል ተቀዷል። ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ቸርኬውም ጠርዙ ታጥፏል። ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን ላወጣ ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ከፈትኩ። ምንጣፉን አነሳሁ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ የአየር ፓምፕና የሻምፖ ዕቃ የመሰለ ፈሳሽ ተቀምጠዋል። በቃ። ስኮርታ የለም። ክሪክ የለም። የጎማ መፍቻ እንኳ የለም።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህችን መኪና ለሰው ሁሉ ሳመሰግን ኖሬ፣ ያን ምንጣፍ አንድ ቀን አንስቼ አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሻጩም ነው። እሱ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልናገር። የነዳጅ ሰልፍ አንገሽግሾኝ ነበር። በዚያ ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ተከለከለ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ልግዛ አልኩ። አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት መኪና አየሁ። ዋጋቸው ለጥቂት ነው የሚለያየው። አንደኛው አዲስ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። አንድ ሞተር አለው። ከዜሮ ተነስቶ 100 ለመድረስ ስድስት ሰከንድ አለፍ ይላል። ሌላኛዋ አምስት ዓመት የተነዳች ስፖርት መኪና ናት። ሁለት ሞተር አላት፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። አራት ሰከንድ አይሞላትም።

የፋብሪካዎቹን ስም አልጠራም። ልዩነቱን ለመገመት ግን ሁሉም የሚያውቀውን ቴስላ ሞዴል 3 ማየት ይበቃል። ባለ አንድ ሞተሩ መነሻ ሞዴል 6 ሰከንድ ያህል ሲፈጅበት፣ ፐርፎርማንስ የሚባለው የቀድሞው ሞዴል 3.4 ነው። ሀብታም ይህ ጭንቀት የለበትም። ፖርሽ ታይካን ቱርቦ ኤስ መጀመሪያ ሲወጣ 2.8 ሰከንድ ነበር፤ የታደሰው 2.4 ሆነ። ያለው ሰው አዲሱን ሲገዛ ፍጥነትም አብሮ ይጨምርለታል። እኛ ግን በያዝነው ብር ምርጫችን ወይ የዘንድሮ በቅሎ፣ ወይ የካቻምና ፈረስ ነው።

አዲሱን የሚሸጠው ልጅ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። «ጋሼ፣ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና እኮ እንደ አሮጌ ስልክ ነው። ባትሪው ያልቅና ቤት ታስቀምጡታላችሁ» አለኝ። እሺ፣ የአንተስ ፍጥነቱ እንዴት ነው አልኩት። ስለ መኪናው ትቶ ስለ ታላቅ ወንድሙ ይነግረኝ ጀመር። ባለ ሁለት ሞተሩ እንዲህ ያደርጋል፣ ባለ ሁለት ሞተሩ እንዲያ ያደርጋል። ባለ ሁለት ሞተሩ የት አለ? አልገባም። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ሳቄን ይዤ ወጣሁ።

ባትሪውን በተመለከተ ልጁ ተሳስቷል። ሳልገዛ በፊት በመሣሪያ አስለካሁት፤ ከመጀመሪያው አቅሙ 91 ከመቶው አለ። ከዘጠኝ ወር በኋላም እዚያው አካባቢ ነው። ቤት የምሞላው ከተራ ሶኬት ነው። ማታ 3 ሰዓት ሰክቼ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 25 ከመቶ ያህል ጨምራ ታድራለች። መብራት ከሄደ ደግሞ እንደ ነበረች ታድራለች። ለከተማ ከበቂ በላይ ነው። ስለ ባትሪው ሌላ የምለው የለኝም።

የፈረሷን ሻጭ ግን እስከ ዛሬ በልቤ እየተከራከርኩት ነው። ያን ቀን ጎማዋን እየደባበሰ «ባለ 20 ናት፤ መልኳን እይልኝ» አለኝ። እኔም መልኳን አየሁ። ወንድሜ፣ ያ ቁጥር ለመልክ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቁጥሩን ያላየ ይይ። ጎማዬ ላይ 235/35 እና 20 ተጽፏል። 235 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 20 የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። 35 ማለት የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 35 ከመቶ ነው ማለት ነው። አስሉት፤ 8 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ። ያ ሁሉ ባትሪ የተሸከመ ክብደት ከአስፋልቱ የሚለየው በ8 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ነው። የአዲሱ መኪና ጎማ 235/45 ባለ 18 ነበር። ጎኑ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሁለቱ ጎማዎች ከመሬት ያላቸው ቁመት እኩል ነው ለማለት ይቻላል። የእኔ ብረቱ ይበዛል፣ የዚያኛው ላስቲኩ ይበዛል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ደግሞ የሚያስጥልህ ላስቲክ ነው።

«ዘመናዊ መኪና ስኮርታ አይዝም፤ ክብደት ለመቀነስ ነው» ትለኝ ይሆናል። ይሁን። «ፈሳሹን ነፍተህ ጎሚስታ ጋ ትደርሳለህ» ትለኝ ይሆናል። ፈሳሹ የሚደፍነው ሚስማር የወጋውን ቀዳዳ ነው። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ምንም አያደርግም። ነፍቼ አይቼዋለሁ። ጫማዬ ላይ ነው የፈሰሰው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ዝናቡ እንደገና ጣለ። ሰው ተሰበሰበ። አንድ የባጃጅ ልጅ አማኑኤል ያለውን ጎሚስታ ይዞልኝ መጣ። ጎሚስታው የአይሱዙ ጎማ በሁለት እጁ የሚያነሳ ጎልማሳ ነው። ተቀምጦ አየ፣ በጣቱ ለካ፣ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የተሽከርካሪ ጎማ ሳይሆን ቀበቶ ነው» አለኝ።

በገመድ እንጎትትህ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ሰው ተቆጣ። ለመግዛት ሳስብ ካነበብኳቸው ነገሮች ያልረሳሁት አንድ ይህ ነው፦ ባለ ሁለት ሞተር ኤሌክትሪክ መኪና አራቱም ጎማ ከሞተር ጋር የተያያዘ ነው። ጎማው መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲጎተት ሞተሩ ሳይፈለግ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ይህን በዝናብ ቆሜ ላስረዳ ሞከርኩ። «ጠፍታለች፣ ግን ኤሌክትሪክ ታመነጫለች» ስል እንደ እብድ አዩኝ።

በመጨረሻ ባዶውን ይመለስ የነበረ አይሱዙ ቆመልን። ሰንጋ የሚጭኑበት ጉብታ አለ፤ አይሱዙው ጀርባውን ለጉብታው ሰጠ። ሳንቃ ተነጠፈ። በሦስት ጎማና በአንድ ቡትቶ እያንፏቀቅኩ አስገባኋት። ያቺ ከአራት ሰከንድ በታች 100 የምትገባ መኪና ያን አሥር ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩን። ሲያበቃ «እኛ ፈረስ ስንገዛ መጀመሪያ ኮቴውን አንስተን ነው የምናይ» አሉኝ። ምን እመልሳለሁ። እዚህ አገር ስለ ፈረስ ከሽማግሌ ጋር አይከራከሩም። ከፍኖተ ሰላም አልፎ እንጅባራ ድረስ የሄደ ሰው ያውቃል፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ፈረሱ ከነኮርቻው ተሸልሞ ነው።

ቀጥሎ የመጡት ሳምንታት የጎማ ሳምንታት ነበሩ። ባለ 20 ቀጭን ጎማ ደብረ ማርቆስ የለም። ባሕር ዳር አስፈለግሁ፣ የለም። አዲስ አበባ አንድ ተገኘና በአውቶቡስ መጣልኝ። አሥራ አንድ ቀን ቆማ ጠበቀችው። ዋጋውን ለባለቤቴ ስነግራት «ላም ይገዛ ነበር» አለች። የምትታለብ ላም ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ሳልነዳት በፊት ጉድጓድ አየሁ። ስነዳት ጉድጓድ አየሁ። ሌሊት በሕልሜ ጉድጓድ አየሁ። ደላላ ጠርቼ «ፈላጊ ካለ አምጣ» አልኩት። ለባለቤቴም እሸጣታለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

በመሃሉ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቁመቱ እኩል ከሆነ ለምን ባለ 18 ቸርኬ ከወፍራም ጎማ ጋር አላስርላትም? ከአንድ ሰው አራት ገዛሁ። ጎሚስታው አንዱን ሊያስር ሞከረ። አልገባም። ምክንያቱ ፍሬኗ ነው። ፈጣን መኪና ስለሆነች የፍሬን ሳህኗም፣ የሚይዘው ብረትም ከተራው ይተልቃል። ቸርኬው ፍሬኑ ላይ ይጋጫል። ይህንንም የነገረኝ የለም። አራቱን ቸርኬ መልሼ በኪሳራ ሸጥኩ።

ነሐሴ መጀመሪያ መንገዱ ክፍት ነው ሲባል እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ወረድን። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ የምነዳት መስሎኝ ነበር። ደላላው እዚያ ገዢ አለ ብሎኛል። ከገዢው በፊት ግን አንድ የጎማ ቤት ጎራ አልኩ። ባለ 19 ቸርኬ አለ? አለ። ፍሬኑን ያልፋል? ያልፋል፤ ጣት ይቀረዋል። ጎማው 235/40 ነው። ከበፊቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ይወፍራል። አንድ ሴንቲ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል ሰው አማኑኤልን በክረምት አላየም። አምስት ገዛሁ። አምስተኛው ስኮርታ ነው። ገዢውንም ነገ እንገናኝ ብዬ ቀጠርኩትና በማግስቱ ማልደን ወደ አገራችን ተመለስን።

ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ባትሪው 55 ከመቶ ነበር። እዚያ ዓባይ በረሃ ይጀምራል። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስተህ እስከ ሕዳሴ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። የነዳጅ መኪና እዚያ ፍሬኑ ይሸታል። ከባዱ መኪና በታናሽ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወርድ። እኔ እግሬን አነሳሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ይለወጥና መኪናዋን ይይዛል፤ የያዘውንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ያ ከሥር የሚታየው ውሃ ወርዶ ወርዶ ጉባ ላይ ተርባይን ያዞራል። እኔም በአቅሜ ወደ እሱ እየወረድኩ ተርባይን አዞራለሁ። ድልድዩ ላይ 60 ከመቶ ሆነ። ነድቼ አምስት ከመቶ አተረፍኩ። ሞልቶ የሚወርድ ሰው ግን ይህን አያገኝም። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ይዞህ አይወርድም፤ እንደማንም በፍሬንህ ትወርዳለህ።

አዲሱም መኪና ይህን ያደርጋል፣ አውቃለሁ። የማያደርገው ቀጥሎ ያለውን ነው።

ከድልድዩ እስከ ደጀን ዳገት ነው። ከፊታችን ሲኖትራኮች ተሰልፈው በእግር ሰው ፍጥነት ይወጣሉ። የነዳጅ መኪና ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳበት ይደክማል። አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ደጀን ከፍታ ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያላት ጉልበት ደጀን ላይም አለ። ቀጥ ያለ ቦታ ጠብቄ፣ ከፊት ምንም እንደሌለ አይቼ እግሬን ጫን አልኩ። ድምፅ የለም። ጀርባችን ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ሁለቱን ሲኖትራክ አልፈን መስመራችን ላይ ነን። ባለቤቴ «ቀስ በል አንተ!» ብላ የበሩን እጀታ ያዘች። ሁለተኛውን ጊዜ ዝም አለች። ሦስተኛውን ካለፍን በኋላ ወደ ፊት ተጎንብሳ ዳገቱን አየችና «ያንን ቢጫውንም እለፈው» አለች።

ደጀን ስንገባ ባትሪው 43 ከመቶ ነበር። ቡና ልንጠጣ ቆምን። ስልኬ ጠራ፤ ደላላው ነው። «ሰውየው ቀጠሮው ቦታ ቆሞ እየጠበቀህ ነው፣ የት ነህ?» አለኝ። ደጀን ነኝ አልኩት። ከዚያ የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

እና አዲሱን ልግዛ ወይስ ፈጣኑን አሮጌ ለምትሉኝ፦ በሐምሌ ብትጠይቁኝ አዲሱን ግዙ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ እላችሁ ነበር። አሁን ግን ፈረሷን ግዙ እላለሁ፤ ለሌላ ቸርኬ የምታወጡትን ግን ከዋጋዋ ላይ አስቀንሱ፣ ምንጣፉንም ሻጩ ፊት አንሱት። አራቱ ባለ 20 ቸርኬዎች ቤት ተቀምጠዋል። አንዱ ጠርዙ ተቃንቷል።

ስኮርታው የዕቃ መጫኛውን ሞልቶታል፤ ሌላ ነገር አያስገባም። ባለፈው ሳምንት ለባለቤቴ እህት ጤፍ ይዘን ስንሄድ ግማሽ ኩንታሉን የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። መኪናዋ ሰው የተቀመጠ መስሏት ቀበቶ እሰሩ እያለች ትጮህ ጀመር። ባለቤቴ ወርዳ ጤፉን ቀበቶ አሰረችለት።