ባለ 33 ወይስ ባለ 35? ዲፈረንሻል ሳይነካ ላንድክሩዘር ላይ ትልቅ ጎማ

«ያ ባለ 35 ጎማህ እንዴት ሆነልህ?» እያሉ የሚደውሉልኝ ስለበዙ አንዴ ጽፌው ልገላገል። (35 ወይም 33 የሚባለው የጎማው ቁመት በኢንች ነው።) ሸጬዋለሁ። በ210 ሺህ ብር የገዛኋቸውን አምስት ጎማዎች ጥርሳቸው ሳያልቅ በ120 ሺህ ለቀቅኳቸው። ገዢው ውለታ እንደዋለልኝ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሄደው።

መኪናዬ ፒክአፕ ላንድክሩዘር 79 ናት፤ ያቺ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባው) የሌላት፣ ናፍጣዋ። ከነበረው ባለቤት ስረከባት ያደረገችው ሰባት ሃምሳ በ16 የሚባለውን ልክ ነበር (16ቱ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው)፤ ቀጭን፣ በካላማዳሪያ የሚሠራ፣ መልክ የሌለው ጎማ። ዓይን አያርፍም፤ የኔም አላረፈ።

የሰባት ሃምሳ ቁመት 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 33 የሚሉት 285/75 በ16 ወደ 83 ተኩል ይጠጋል፤ ባለ 35 የሚሉት 315/75 በ16 ደግሞ ወደ 88። በዓይን ሲታይ ጣት የማትሞላ ልዩነት ትመስላለች። ለሞተሩ ግን የመጀመሪያው 3 ከመቶ፣ ሁለተኛው 9 ከመቶ ያህል ሁሉንም ማርሽ ማክበድ ነው። የኔ ዲፈረንሻል 4.11 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ 4.11 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ማርሹ ይከብዳል፤ 35ቱን ሳደርግ 3.78 ያስገባሁ ያህል ሆነ። አምስተኛ ማርሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጥ ነበር።

ሻጩ «ምንም አይሆንም፣ ሁሉም ያደርጋል» አለኝ። እኔም ቪዲዮ ላይ ያየኋቸውን አሰብኩ። እነሱ የሚፈነጩት ግን ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጎማው ሳይቀየር ገና ከጉልበቱ ያንን ያህል አጥቶ ነው የሚነሳው። ከዚያ ላይ ነው እኔ 9 ከመቶ የጨመርኩበት።

ሒሳቡን ያወራረደልኝ አባይ በረሃ ነው። ስምንት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ከደጀን ወርጄ ድልድዩን ተሻገርኩና ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ያዝኩ። ድሮ በሦስተኛ የምወጣውን በሁለተኛ ሆነ። ሁለተኛው ሲጮህ ሦስተኛ እሰጣታለሁ፣ ትሞታለች፤ መልሼ ሁለተኛ። መታጠፊያ ላይ ከፊቴ የቆመ ከባድ መኪና ነበርና ቆሜ ስነሳ ፍሪሲዮኑ ሸተተ። ያቺን ሽታ የሚያውቅ ያውቃታል። አዲስ ፍሪሲዮን ከነሥራው 41 ሺህ።

እንግዲህ የከፈልኩትን ልደምርላችሁ፦ ጎማ 210 ሺህ፣ ሰፋ ያለ ቸርኬ አምስት 45 ሺህ (የሰባት ሃምሳው ቸርኬ ጠባብ ስለሆነ አይቀበላቸውም)፣ መሪ ሲዞር እየፋቀ ስላስቸገረኝ ባሌስትራ ለማስነሳት 38 ሺህ፣ ፓራፋንጎ ለማስቆረጥና ለማስቀባት 12 ሺህ፣ ፍሪሲዮኑ። 346 ሺህ ብር። አሁን ያደረግኳቸው ባለ 33 ግን አምስቱ 165 ሺህ ነበሩ፤ ቸርኬውን ሲጨምር 210። ማለትም የ35ቱ ጎማ ብቻውን የ33ቱን ጎማና ቸርኬ አንድ ላይ ገዝቷል። ዋጋው የ2017 ነው፤ የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 በፊት የሰማችሁትን ዋጋ እርሱት። ስትጠይቁም በአምስት ጠይቁ፤ የአራት ዋጋ ነግሮ ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) በኋላ የሚያስታውሳችሁ አይጠፋም።

«ኮሮናና ፒኞኑን (የዲፈረንሻሉን ጥርሶች) ቀይረው» የሚሉኝ አሉ። (በሽታው አይደለም።) ልክ ናቸው፤ ለ35 የሚመቸው 4.56 ነው። ግን ከፊትም ከኋላም መቀየር አለበት፤ አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ደረቅ መሬት ላይ ፎር ዊል ካስገባችሁ የሚሰበር ነገር ትፈልጋላችሁ። እኔ የመለዋወጫ ሰፈሩን ሶማሌ ተራን ዞሬ አላገኘሁም፤ ከውጭ ይታዘዛል አሉኝ። ቢገኝም ልኩን በመለኪያ ሳይሆን በእጁ የሚሞክር መካኒክ ከገጠማችሁ ዲፈረንሻሉ ዕድሜ ልኩን ያለቅሳል።

ነዳጅ በላብኝ የሚሉ ሰዎች ደግሞ ግማሹን የሚዋሻቸው የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። በ35 ቆጣሪው 920 ሲል 1,000 ኪሎ ሜትር ሄዳችኋል። ዘይት መቀየሪያችሁም አብሮ ይዘገያል። በ33 ልዩነቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እኔ ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ።

33ን ስመርጥ ግን አንድ ነገር ልናገር፦ የውሸቱ ብዛት! መጀመሪያ የቀረበልኝ ጥርሱ በቢላ እንደገና የተቀረጸ አሮጌ ጎማ ነበር፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 2219 ካለ በፈረንጅ 2019 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ሻጩ «ትናንት ኮንቴይነር ፈታን» ቢልም። የጭነት ቁጥሩ (ጎማው ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የሚያሳየው) 122 ወይም 126 ካልሆነ ስሙ የፈለገ ቢያምር ተዉት። ሁለተኛው ያመጡልኝ አዲስ ነበር፣ ፊደሉም ደማቅ ነው፤ ጎኑን ግን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ኳስ ገባ። ኤርታሌ መንገድ ላይ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንዲህ ያለውን እንደ ወረቀት ነው የሚቀደው።

35 ጥቅም የለውም አልልም። አፋር ውስጥ ለስላሳ አሸዋ ላይ ሲሄድ ደስ ይላል፤ ጭቃም አይይዘውም። ግን 33ቱን ነፋስ ቀነስ አድርጌለት እዚያው አሸዋ ላይ አልቆምኩም። መኪናችሁ ተርቦ ካለውና ጭነት ካልጫናችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ግማሹን ብቻ ስሙኝ።

ሰባት ሃምሳዎቹን ከነቸርኬያቸው መጋዘን አስቀምጫቸዋለሁ። ራቅ ወዳለ ገጠር ስሄድ መልሼ የማደርጋቸው እነሱን ነው፤ የትም ያለ ጎሚስታ በሁለት ብረትና በአንድ መዶሻ ይፈታቸዋል። ሰፊውን ጎማ ሳመጣለት አንዱ ሽማግሌ ጎሚስታ ዞር ዞር ብለው አይተው «ልጄ፣ ይሄን ለማሽን ውሰደው» ብለውኛል፤ ማሽኑ ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር ወዲያ ነበር።