ከሐረር ድሬዳዋ ቤት ለምትቀይሩ፦ ይህን ሹፌር ያዙት

ሰላም ሐረሮች፣ ሰላም ድሬዎች። የኤሊያችን እንቁላሎች ትናንት መፈልፈል ጀምረዋል! ምስጋናው ደግሞ ቤት ስንቀይር ዕቃችንን ለጫነልን የአይሱዙ ሹፌር ነው።

የኤሊ እንቁላል እንደ ዶሮ አይደለም። ዶሮ እያገላበጠች ነው የምትታቀፈው። የኤሊው ግን ከተጣለ አንድ ሁለት ቀን ካለፈው ጽንሱ ከላይ በኩል ቅርፊቱ ላይ ስለሚጣበቅ፣ ከገለበጣችሁት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የጓሮውን አፈር በጣት ቀስ ብለን ገለጥንና፣ ከማንሳታችን በፊት አናታቸው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገን፣ እንደነበሩበት አቀማመጥ ትንሽ እርጥበት ባለው አሸዋ ሳፋ ውስጥ ግማሽ ድረስ ቀበርናቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ አለ። 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የደንገጎን ጥምዝማዛ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ያናገርኳቸው ሌሎች ሹፌሮች ሳቁብኝ። እሱ ግን «አብሽሪ እህቴ፣ አያያዙን ብቻ ንገሪኝ» አለና ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ። እንቁላሉ ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንደሚጎዳው ስነግረው «እንግዲያው ድሬ ፀሐይ ሳይበረታ መግባት አለብን» ብሎ ሌሊት ሊነሳ የወሰነው ራሱ ነው።

ሳፋው ከኋላ ከዕቃው ጋር አልተጫነም። ጋቢና ውስጥ ጭኔ ላይ ያዝኩት፣ ንዝረቱን ሰውነት ይቀበለዋል ብሎ እሱ ነው የመከረኝ። ሲነጋ ፀሐይዋ በመስኮት ስትገባ ሽርጡን አውጥቶ ጋረደልን። አወዳይ ላይ በዚያ ሁሉ ግርግር አንዴም ድንገት ፍሬን አልያዘም፤ ደንገጎን ደግሞ ከኋላ ክላክስ እየነፉበት በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ወረደው። ሳቢያን ስንደርስ አንድም ዕቃ ሳይወርድ መጀመሪያ ሳፋውን ተቀብሎኝ ጥላ ያለው ክፍል አስገባ። የተቀበለው የተስማማነውን ዋጋ ብቻ ነው። ገበያ ላይ አምስት ሳንቲም ለማያወጣ ነገር እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው፣ ለእናንተ ብርጭቆና ቴሌቪዥን እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን 30 ዲግሪ አካባቢ አድርገን፣ አሸዋው እንዳይደርቅ በዳር በዳር ውሃ እያጠጣን ወራት ጠበቅን። ሁሉም አልተፈለፈሉም፣ የወጡት ግን ደህና ናቸው። ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ!

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ። የሚሰበር ወይም ነፍስ ያለው ነገር ካላችሁ ከዋዜማው ደውላችሁ ንገሩት፤ አጫጫኑን ቀድሞ ማሰብ ይወዳል።