የአልቲሜት ዋሪየር ትግሎች፦ የትኛው ይታይ፣ የትኛው ይዘለል

የደብልዩ ደብልዩ ኢን (ውጤቱ አስቀድሞ የሚወሰን የትዕይንት ትግል፣ ማለትም ሬስሊንግ፣ የሚያዘጋጅ የአሜሪካ ድርጅት) የቆዩ ትግሎች ከፍቶ «አልቲሜት ዋሪየር» ብሎ የሚፈልግ ሰው በብዛት የሚገጥመው አጫጭር ቅንጭብ ነው። ሮጦ ይገባል፣ ገመዱን ይነቀንቃል፣ ሰው ከራሱ በላይ አንስቶ ይጥላል፣ አለቀ። በቅንጭብ ብቻ ያየው ሰው «ጡንቻ እንጂ ሙያ የለውም» ቢል አይፈረድበትም። ሙሉዎቹን ትግሎች ከነአገባቡና ማይክ ይዞ ከሚጮኸው ንግግር ጋር ማየት ግን ፍርዱን ይለውጣል። ከቦዲ ቢዪልዲንግ መድረክ የመጣ ሰው አቅሙ የት ድረስ እንደሆነ የገባቸው ባለሙያዎች በዚያው ልክ ሲሠሩለት ምን እንደሚወጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

አልቲሜት ዋሪየር፣ በትውልድ ስሙ ጄምስ ብራያን ሄልዊግ፣ በ1984 (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሚስተር ጆርጂያን ያሸነፈ ቦዲ ቢዪልደር ነው። በ1985 ፓወር ቲም ዩኤስኤ ከተባለው የአራት ጡንቸኞች ቡድን ጋር ወደ ሬስሊንግ ገባ፤ ከአራቱ አንዱ ኋላ ስቲንግ ተብሎ የገነነው ስቲቭ ቦርደን ነው። ሁለቱ «ብሌድ ራነርስ» ተብለው አብረው የታገሉበት ጊዜና ሄልዊግ ቴክሳስ ውስጥ «ዲንጎ ዋሪየር» የተባለበት ጊዜ ለታሪክ ፈላጊ ካልሆነ በቀር ሊዘለል ይችላል። መፈለግ ለፈለገ ግን በእነዚህ ስሞች ይሞክር፤ በኋለኛው ስሙ ላይወጡ ይችላሉ።

ለመጀመሪያ የሚመከረው ነሐሴ 1988 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተደረገው ሰመርስላም የተባለው የድርጅቱ ትልቅ ዓመታዊ ዝግጅት ነው። ሆንኪ ቶንክ ማን የኢንተርኮንቲኔንታል ሻምፒዮንነት ቀበቶውን ለ454 ቀናት ይዞ ቆይቷል፤ ዋሪየር ሮጦ ገብቶ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ነጠቀው። አጭር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቦዲ ቢዪልደር ጡንቻ የሚሠለጥነው ለመታየት ነው፤ መድረክ ላይ የሚጠየቀው ለሰከንዶች አጥብቆ መቆም ነው። ያን ሁሉ ሥጋ ተሸክሞ ከመጋረጃ እስከ ሪንግ የሮጠ፣ ከዚያም ገመድ የነቀነቀ ሰው ደወሉ ሳይመታ ግማሽ ትንፋሹን ጨርሷል። ስለዚህ ትግሉ ከትንፋሹ በፊት ማለቅ ነበረበት።

ጎሪላ ፕሬስ የተባለውን ማንሳት ደግሞ ቀስ አድርጎ አጫውቶ ማየት ይጠቅማል። የአንሺው አንድ እጅ ወደ ደረት፣ ሌላው ወደ ጭን ይሄዳል፤ የሚነሳው ሰው በዚያችው ቅጽበት ራሱ ይዘላል፣ ገላውንም ያደርቃል። ሲለቀቅ ደረቱ፣ ክንዶቹና ጭኖቹ እኩል ምንጣፉን መምታት አለባቸው፤ ጉልበት ወይም ራስ ከቀደመ ጉዳት ይመጣል። አደጋው የሚጨምረው አንሺው ሲደክምና ክንዱ ሳይዘረጋ ሲቀር ነው። ይህን ያየ ሰው ጭብጨባውን ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ አይሰጥም።

በ1989 ከሪክ ሩድ ጋር ያደረጋቸው ሁለቱ ትግሎች ድልድይ ናቸው። በሬስልማኒያ 5 (የድርጅቱ ዋናው ዓመታዊ ዝግጅት) የሩድ ማናጀር ቦቢ ሂናን ከሪንጉ ውጭ ሆኖ እግሩን ስለያዘበት ዋሪየር ተሸነፈ፤ በሰመርስላም ቀበቶውን አስመለሰ። ፍጥነቱን የሚመራው ሩድ ነው፣ ዋሪየርም ረዘም ያለ ትግል መጨረስ የተማረው እዚህ ይመስላል።

ሚያዝያ 1 ቀን 1990 ቶሮንቶ ስካይዶም፣ ሬስልማኒያ 6፣ ከሃልክ ሆገን ጋር። በወቅቱ የተነገረው የተመልካች ቁጥር 67,678 ነው። ትግሉ ወደ 23 ደቂቃ ይወስዳል፤ የ1988ቱን የሰመርስላም ትግል ከአርባ ጊዜ በላይ ማለት ነው። እንዴት ተቻለ? ማረፊያዎቹን መቁጠር ነው። ሁለቱ ጣት ለጣት ተቆላልፈው ሲገፋፉ መጀመሪያ ሆገን ይንበረከካል፣ ቀጥሎ ዋሪየር፤ ሕዝቡ ይጮሃል፣ እነሱ ይተነፍሳሉ። ሆገን ከሪንግ ውጭ ወድቆ ጉልበቱን ሲይዝም ትንፋሽ ነው፤ አገጭ ቆልፎ መያዙም፣ ቤር ሃጉም (ወገብ አቅፎ መጭመቁ) እንደዚያው። ሆገን ለግ ድሮፑን (ዘሎ በእግሩ መውደቁን) ሲስት ዋሪየር ስፕላሹን (በሙሉ ገላው ላዩ ላይ መውደቁን) ያወርዳል፣ ሦስት ይቆጠራል። ቀበቶውን ሆገን ራሱ ነው የሚያስረክበው፤ ቪዲዮው እዚህ ሳይደርስ አይዘጋ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የ1991ዱ ሬስልማኒያ 7 ነው፤ ከራንዲ ሳቬጅ ጋር፣ የተሸነፈ ከሙያው እንዲሰናበት ተወራርደው። እዚህ ዋሪየር አይሮጥም፤ ቀስ ብሎ እየተራመደ ይገባል፣ ቦቢ ሂናንም በኮሜንታሪው ወዲያው ያነሳዋል። ለ20 ደቂቃ ትግል ትንፋሽ የቆጠበው እዚያ ነው፣ ተመልካች የሚገባው ግን «ዛሬ ነገሩ የምር ነው» የሚል ስሜት ነው፤ በአንድ እርምጃ ሁለት ሥራ። ሳቬጅ ከገመዱ ጫፍ አምስት ጊዜ ክርኑን እያወረደ ይወድቅበታል፣ እሱም ይነሳል። ከዚያ እጆቹን ትክ ብሎ እያየ ትቶ ሊሄድ ይቃጣዋል፤ ንግግሩ ሁሉ ጩኸት የነበረ ሰው በዝምታ የተወነበት ብርቅ ትዕይንት ነው። አንድ ትግል ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ይህንኑ ይይ።

ከ1991 ሰመርስላም በኋላ ዋሪየርና ድርጅቱ በክፍያ ጠብ ተለያዩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው እየሳሳ ይሄዳል። በ1996 ሬስልማኒያ 12 ላይ ሃንተር ሄርስት ሄልምስሊን ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጣለው። አገባቡ አሁንም ያምራል፤ ነገር ግን የተጋጣሚውን ዋና ምት ተቀብሎ እንዳልተመታ ብድግ ማለቱ ትግሉን ባዶ አድርጎታል።

ጥቅምት 1998 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተፎካካሪው ድርጅት በደብልዩ ሲ ደብልዩ ሃሎዊን ሃቮክ ዝግጅት ከሆገን ጋር ያደረጉት ድጋሚ መዘለል ያለበት ነው። ሆገን 45፣ ዋሪየር 39 ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም ፍጥነቱን በሚመራ ሰው የሚያምሩ ታጋዮች ናቸው፣ እዚህ ግን መሪ የለም። ሆገን በዋሪየር ፊት ላይ ሊያነድ ያዘጋጀው ተቀጣጣይ ወረቀት በጊዜው እንቢ አለ፣ ካሜራውም ሆገን ከላይተሩ ጋር ሲታገል እያሳየ ቆየ። ዝግጅቱ ከተያዘለት ሰዓት ስላለፈ ብዙ ከፋይ ተመልካቾች የመጨረሻው የጎልድበርግ ትግል ሳይታያቸው ስርጭቱ ተቋረጠ፤ ድርጅቱም በማግስቱ በመደበኛ ፕሮግራሙ ላይ በነፃ አሳየው። የዚያን ምሽት ቪዲዮ የከፈተ ሰው በቀጥታ ወደ ጎልድበርግ ይለፍ።