የሴሊካዬን የውስጥ ገበና ላጸዱልኝ የደብረ ማርቆሱ ባለሙያ

ይህ ምስጋና አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የመኪናዬን ዝገት የማጽዳትና የመከላከል ሥራው ያለቀው አምና ኅዳር ላይ ነው። ቶሎ ያልጻፍኩት አንድ ክረምት ዘንቦባት ማየት ስለፈለግሁ ነው። ዘነበባት፤ አየሁ።

መኪናዬን ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያውቃት ያውቃታል። ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ የ1991 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል፣ የፊት መብራቷ ከኮፈኑ ብድግ ብሎ ተመልሶ የሚተኛ። ለእኛ አገር መንገድ እንደማትሆን ሰው ሁሉ ነግሮኛል። ዝቅ ያለች ስለሆነች ጠጠሩም ጭቃውም ሆዷን ሲፍቃት ይውላል። ምን ላድርግ፣ ወደድኳት!

ከውጭ ስታዩዋት ታብረቀርቃለች። ግን የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ነበረች። አንድ ቀን ሳጥባት ከሹፌሩ በር ግርጌ ቀለሙ ተነፍቶ አየሁ። በጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ ሆዷን ካትራሜ የሚባለውን ጥቁር ቅብ ቀብቶልኝ ነበር። «በቃ፣ ዝገትን እርሳው» ተባልኩ። ለካ ጭቃውንም ዝገቱንም ሳያነሱ ነው ከላይ የለበጡት። ካትራሜ ሲቆይ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። ዝገቱም ተሸፍኖ በሰላም ይበላል። መኪናዋ ደግሞ ከአውሮፓ የመጣች ናት፤ እዚያ በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው የገባበት እርጥበት ብረትን ከተራ ውሃ በጣም ፈጥኖ ያዝገዋል።

በር ልቀይር ብዬ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። የለም። ቶዮታ ሴሊካን መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ የእኔዋ ዓይነት ደግሞ ከዚያም በፊት የቀረች ናት። ያለችውን ማዳን ብቻ ነው የቀረኝ።

ሰው ጠቁሞኝ እኚህ የደብረ ማርቆስ ባለሙያ ጋ የሄድኩት ነሐሴ ላይ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩዋትና «አሁን አልነካትም» አሉኝ። «ልጄ፣ እርጥብ ብረት ላይ ዝገት የሚከላከለውን ሰም ብረጭልህ ውሃውን አሽጌ ነው የምሰድህ። መስቀል ይለፍና አምጣት።» ብር ይዤ ሄጄ ጋራዥ ሲመልሰኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ወሰድኳት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም አልቀቡም። ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የበሮቹን የውስጥ ልባስ ፈቱ። ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ የዝናብ መጥረጊያው ካለበት ጉድጓድ፣ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል በእፍኝ አወጡ። መብራቶቹ የሚተኙበት ኪስ ጭቃ ሞልቶታል። የትርፍ ጎማው ማስቀመጫ ውስጥ ውሃ ከአንድ 25 ሳንቲም ጋር ተኝቶ አገኙ። ሳንቲሙን አጥበው ሰጡኝ።

ዋናው ጉድ ግን በሮቹ ስር ርዝመቱን ይዞ የሚሄደው ባዶ የብረት ሳጥን ነው። ከላይ የገባ ውሃ እዚያ ይወርዳል፤ ከስሩ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። የእኔዋ ቀዳዳዎች በካትራሜ ተደፍነዋል! ስልክ ላይ የሚሰካ እንደ ገመድ የቀጠነ ካሜራ አስገብተው አሳዩኝ። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነስቷል። አፈርኩ።

ካትራሜውን ፋቁት። ቀዳዳዎቹን ከፍተው እስኪጠራ ድረስ ውሃ ለቀቁበት። በኮምፕሬሰር ነፉት። ከዚያ በሮቿ ተከፍተው አራት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለች። የበሰበሰውን ቆርጠው ጎረቤታቸው ያለ በያጅ አዲስ ላሜራ በየደበት፤ ከዚያ በፊት ባትሪውን መፍታት አልረሱም። የቀረውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፈው አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ። በመጨረሻ ሰሙን ዙሪያውን በሚረጭ ረጅም ቀጭን ቱቦ ከሳጥኑ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በበሮቹም ውስጥ ረጩት። ይህ ሰም ደርቆ አይሰነጠቅም፤ ለስልሶ በብረቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ሲጨርሱ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እንደገና ከፈቷቸው። ፍሬኑንና ጭስ ማውጫውን ቀድመው ሸፍነው ነበር።

የተቃጠለ ዘይት ቢረጩልኝስ፣ ይረክስ የለም ወይ ብያቸው ነበር። ሳቁብኝ። ጎማና ላስቲኩን ያበላሻል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ መሬቱንም ይበክላል አሉ።

ነቀፌታም አለኝ። አምስት ቀን ያሉት አስራ አንድ ቀን ፈጀ። ስልክ አያነሱም። የሰሙ ሽታ ሦስት ሳምንት አልለቀቀም፤ ባለቤቴ አልገባም ብላ በባጃጅ ስትሄድ ከረመች።

ዘንድሮ መስከረም ማለቂያ ላይ መልሼ ወሰድኳት። ካሜራውን አስገቡ። ሰሙ እንዳለ ነው፤ ሳጥኑ ደረቅ ነው። ከኋላ ግራ ጎማ በላይ ብቻ ጠጠር ገፎት ነበር፤ እሱንም አጽድተው ረጩት። ስንት ልክፈል ስላቸው «ሂድ፣ ቡና አጠጣኝ» አሉ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል፤ ወረፋው ይበዛብኛል ባይ ናቸው። ከልቡ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቦታውን አሳየዋለሁ። መሄድ ያሰባችሁ ግን አሁን በበጋው ሂዱ። ዝናብ ከጀመረ በኋላ ከሆነ እንደ እኔ ተመልሳችሁ መስቀልን ትጠብቃላችሁ።